ሁለት ጊዜ ቁጢጥ

ጥቅምት 9

ወንድምዓለም፣

ነገሩ የተበላሸው ያ «ጄኔራሉ» የሚሉት ተጫዋች በስርጭቱ ላይ ከጨዋታው የመብራት ማማ በር ፊት ቆሞ ሁለት ጊዜ ቁጢጥ ብድግ ሲል ነው። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ የሆነውን ሁሉ አጋጣሚ ነው ብዬ ልውጠው እችል ነበር። ልክ እንደ እኔ የክሬኑን ሦስት መብራቶች ከግራ ወደ ቀኝ እየመታ አጠፋ። ይሁን፣ ሌላም ሰው ሊደርስበት ይችላል። ትኬት መቁረጫው መስኮት ሥር ቆሞ የመርከቡን ጥሩንባ ጠበቀ። እሱም ይሁን። ቁጢጡ ግን የእኔ ነው። ቁጢጡ በሩን አይከፍትም፤ ምንም ነገር አያደርግም። በዚህ ጨዋታ ውስጥ በር ባየች ቁጥር ሁለቴ ቁጢጥ የምትል አንዲት ሞኝ ናት ያለችው፤ ያሞኘሃትም አንተ ነህ። ትዝ ይልሃል? አንዱን ኮምፒውተር ለሁለት ስንሻማ «በር ካልተከበረ አይከፈትም፤ ሁለቴ እጅ ንሺለት» ብለህ አስተምረኸኝ፣ እኔ ቁጢጥ ባልኩ ቁጥር ከኋላዬ በሳቅ ስትፈርስ? ውሸት መሆኑን ባወቅኩ ጊዜ ጣቴ ለምዶት ነበር። እስከ ዛሬ አልተወውም።

እና ያ ሰው፣ ስርጭት ሲከፍት አገር ምድሩ ሥራ ፈትቶ የሚያየው ሰው፣ የእኔን ቁጢጥ ቁጢጥ ብሎ፣ በሩ ሲከፈትለት «ብቻዬን ነው የደረስኩበት» አለ። ከዚያ የክፍሉን ውስጥ ሳያሳይ ስርጭቱን ዘጋ።

ሰላምታ ሳላቀርብ ስለ ጀመርኩ ይቅርታ አድርግልኝ። እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤ በአውቶቡስ እልክልሃለሁ ስልህ «ምነው፣ ስልክ ተቃጠለ?» ብለህ ሳቅክብኝ። አልተቃጠለም። ማማውን ስከፍት የቀረጽኩት ቪዲዮ ከማን እጅ እንደ ወጣ እስካውቅ ድረስ ግን ወረቀት ይሻለኛል፤ ወረቀት ቢያንስ ሲከፍቱት ይቀደዳል።

እማዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «አሁን ይሄ ምኑ ያስለቅሳል?» አለችኝ። አላለቀስኩም። ግን አስረዳኋት።

«እማዬ፣ ይሄ ወደብ ነው። ሁለት ቡድን ይገባበትና ይታኮሳል። የሠሩት ሰዎች ግን በየግድግዳው ስውር ነገር ይደብቃሉ። ሌላው ሲታኮስ እኔ እሱን እፈልጋለሁ።»

«ጥይት እየዘነበ?»

«ዘብ አለኝ።»

«ማነው ደግሞ ዘቡ?»

«ፋርማሲስቱ።»

«ያ የሳል ሽሮፕ ሲሰጠኝ እጁ የሚንቀጠቀጠው? በእሱ ተማምነሽ ነው ጥይት ውስጥ የገባሽው?»

ያልነገርኳት ሌላውን ነው። ማፑን፣ ማለትም ያንን የጨዋታ ወደብ፣ የሠሩት ሰዎች «የማማውን ምስጢር የፈታ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ማፕ ይሠራል» ካሉ ወዲህ ሌላ ነገር እንደማላስብ። የሕንጻ ንድፍ ተምሬ፣ በማዕረግ ተመርቄ፣ ሌላ ሰው የሳለውን መጸዳጃ ቤት ነው የምገለብጠው። አለቃዬ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «ሻይ!» ይላል፣ እኔ እነሳለሁ። ማማውን ግን በተማርኩት ነው ያገኘሁት። የውጭው ልክ ከውስጡ ልክ አይገጥምም ነበር። ሰው ሁሉ እየተታኮሰ ሲያልፍበት፣ በግድግዳውና በግድግዳው መሃል ክፍል እንዳለ ያየሁት እኔ ነኝ።

ይህንን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አንተ፤ ቪዲዮውን አሳምረህ እንድትቆርጥልኝ ልኬልሃለሁ። ሌላው ፋርማሲስቱ፤ ስፈልግ አብሮኝ ነበር። አንተ ዘንድ ማስቀመጥ የራሴ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እንግዲህ ንገረኝ፦ ሰውየውን ልጠርጥረው?

እማዬ አረንጓዴ ሸሚዝ ሰፍታልሃለች። ኪሱ እንደ ሁልጊዜው በቀኝ ነው፣ ለግራኙ ልጇ። የምትቀርጻቸው ሙሽሮችስ እንዴት ናቸው? አሁንም «ቀጭን አድርገህ ቁረጠን» ይሉሃል?

ቁንጫ


ጥቅምት 18

ቁንጫዬ፣

በጣም ስለ ዘገየሁ ማሪኝ። ሸሚዙ ልክክ ብሏል፤ የእማዬን እጅ ሳሚልኝ። ወገቤን ለጠየቀችው ደህና ነኝ በያት፤ ወንበር ቀይሬያለሁ። ስለ ሥራዬ ደግሞ ምን አዲስ ነገር አለ ብለሽ ነው? ሙሽራ ይገባል፣ ሙሽራ ይወጣል፣ እኔ የአማቶችን ኩርፊያ እየቆረጥኩ አወጣለሁ።

ስርጭቱን አይቼዋለሁ። ተናድጄልሻለሁ።

ልጠርጥረው ወይ ላልሽው፣ በሰው ላይ ክፉ መናገር እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ግን አንቺ ራስሽ አስቢው። ሰው ለምን በነጻ ዘብ ይቆማል? ሲታኮስ ይዝናናል እንዳልል፣ አንቺ ግድግዳ ስትደባብሺ እሱ በር ላይ ተገትሮ ነው የሚውለው። ቀኑን ሙሉ ክኒን ሲቆጥር የዋለ ሰው ተመልሶ የሰው ጀርባ የሚጠብቀው የሚፈልገው ነገር ቢኖር ነው። ወይ አንቺን፣ ወይ ማማውን። አንቺን እንዳልሆነ ይኸው ታየ።

ብትጠይቂውም በቀስታ ጠይቂው። አደባባይ እንዳትወጪበት። «የእኔ ነው» ብለሽ ብትጮሂ የጄኔራሉ ተከታዮች ምን እንደሚሉሽ ልንገርሽ? ወጥ ቤት ግቢ ይሉሻል፤ እሱ ደግሞ ከሚሉት ሁሉ ለስላሳው ነው። ወንድምሽ ነኝ። ያንን በዓይኔ ማየት አልፈልግም።

ዝም በይ ለጊዜው። ቀን ያልፋል።

ወንድምሽ


ጥቅምት 25

ወንድምዓለም፣

ጤና ይስጥልኝ። እንደ መከርከኝ ጠየቅኩት፤ ግን በቀስታ አይደለም። ቀስታ ከየት ላምጣ?

በምሳ ሰዓት ፋርማሲው ገባሁ። ሰው ተሰልፏል። ሰልፉን አልፌ መደርደሪያው ፊት ቆምኩና «ለማን ሰጠኸው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ማማውን!»

ሰልፉ ላይ የነበሩ አንዲት አሮጊት «ማማ የሚባል መድኃኒትም መጣ እንዴ ልጄ? ለምን በሽታ ነው?» አሉ። ማንም አልሳቀም። እሱ መነጽሩን አውልቆ በጋዋኑ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። ሲደነግጥ እንዲያ ያደርጋል፤ እኔም ያንን አይቼ ተያዘ ብዬ ደስ አለኝ።

«ጄኔራሉ በሩ ፊት ሁለቴ ቁጢጥ አለ» አልኩት።

«እና?»

«እንዲያ የማደርገው እኔ ነኛ!»

«አንቺ ቁጢጥ ትያለሽ እንዴ?» አለኝ። እንዲህ ያለ ደረቅ ተዋናይ አይቼ አላውቅም።

«ሁለት ዓመት አብረኸኝ ተጫውተህ አላየሁም ልትለኝ ነው?»

«ዘብ ፊቱን ወደ ውጭ ነው» አለ። በቃ፣ ይቺው ናት መልሱ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞሮ «ከምግብ በኋላ ነው የሚወስዱት እማማ» አላቸው።

ከቡድኔ አወጣሁት። ያን ሁሉ ሰው ፊት «ሌባ» አልኩት። አንድ ሰው እንኳ «ተዪ አንቺ ልጅ» አላለኝም፤ ሁሉም ሌባ ለማየት አንገቱን አሰገገ። ስወጣ ክኒን ይቆጥር ነበር፤ ስቶት ከመጀመሪያው ሲጀምር አየሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። አንተ ነህ መቼም ትክክለኛ፤ ለምንድን ነው ታዲያ እንደ በደለኛ ሰው ቤቴ የገባሁት?

ደውለህ ስለ ጠየቅከኝ ነገር፦ በማማው ስውር ክፍል ውስጥ ያለው ስልክ ምን እንደሚያደርግ ገና አላወቅኩም። በቪዲዮው ያየኸው ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጥቁር ስልክ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ወንበሮች። ብነካው አይነሳም። ለምን ሦስት ጊዜ ደውለህ እንደ ጠየቅከኝ ግን አልገባኝም። ሙሽራ ጠፋ?

ቁንጫ


ኅዳር 2

ቁንጫዬ፣

ደግ አደረግሽ። እንዲያ ያለ ሰው ከአጠገብ ሲርቅ ነው የሚሻለው። የተሰማሽ ነገር ጸጸት አይደለም፣ ድካም ነው። እንቅልፍ ተኚ።

ሦስቴ ለምን ደወልክ ላልሽኝ፣ ላንቺው ብዬ ነው። ማፑን የሠሩት ሰዎች ያሉትን ሰምተሻል፤ በሩ መግቢያ ነው እንጂ ምስጢሩ አይደለም፣ ምስጢሩን ፈታ የሚባለው ስልኩን ያስጮኸ ነው ብለዋል። ስለዚህ ጄኔራሉ ገና አላሸነፈም። ከእነሱ ጋር ማፕ የመሥራቱን ቦታ አንቺ ማግኘት ትችያለሽ። ከደረስሽበት ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ለእኔ ላኪልኝና እኔ ዘንድ ይቀመጥ።

ቀዩ ወንበር ላይ ወጥተሽ ሞክረሻል? ሰማያዊው ላይስ? ስልኩን መተኮስ ምንም አያመጣም፤ በእሱ ጊዜሽን አታጥፊ።

ለእማዬ በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ በያት። ካልተመቸኝም አትቀየመኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 7

የምወድህ፣ የማከብርህ ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ? አዲሱ ወንበርህ ተመቸህ? እማዬ ስላንተ ሳታወራ አትውልም። እኔማ እንዳንተ ያለ መከታ ስላለኝ በየቀኑ አመሰግናለሁ።

የምስራች፣ ደረስኩበት።

ስልኩ የሚጮኸው እንዲህ ነው። ክፍሉ ውስጥ ገብቶ መሣሪያን ሁሉ መሬት ላይ መጣል፤ አንድም ሳይቀር፣ ጩቤም ጭምር። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ መውጣት፣ ፊትን ወደ ግድግዳው ማዞር፣ መዝለል። ዝም ብሎ መዝለል ነው። ቶሎ አይሰማም፤ የሚያቆም ሰው እንዳይሰማው ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። በሩን ክፍት መተው ያስፈልጋል፤ ከተዘጋ አይሠራም።

ቪዲዮ አላነሳሁም፤ የቀድሞው ትምህርት ሆኖኛል። ላንተ ብቻ ነው የጻፍኩት። ለማንም አልተነፈስኩም፤ አንተ ዘንድ ይቀመጥ እንዳልከኝ ይኸው አስቀመጥኩ።

እህትህ፣ ያንተው ቁንጫ


ኅዳር 16

ወንድሜ፣

ጄኔራሉ ሲዘል እንዴት ያምርበታል!

እንዳየኸው እርግጠኛ ነኝ፤ ከኋላው ሳይሆን አይቀርም ያየኸው። «ዛሬ ታሪክ ይሠራል» ብሎ መሣሪያውን ሁሉ ጣለ። ጩቤውን ጭምር። ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ዘለለ። ሰው ሁሉ እያየው ዘለለ፣ ዘለለ፣ ዘለለ። ከተቃራኒው ቡድን አንድ ጀማሪ በበሩ ሲያልፍ አይቶት ትንሽ ቆሞ ተመለከተው። ከዚያ ተኮሰበት። ተመልሶ መጥቶ እንደገና ዘለለ። ትዕግሥት ይፈልጋል ብያለሁ።

በር ካልተከበረ አይከፈትም ብለህ ካስተማርከኝ ወዲህ ለአንድ ሰው ያስተማርኩት የመጀመሪያው ውሸት ይሄ ነው። መምህሬ አንተ ስለሆንክ ቢያምር አይገርምም።

ከየት ጠረጠርሽ ልትለኝ ነው። ከራስህ ደብዳቤ። «ስልኩን መተኮስ ምንም አያመጣም» አልከኝ። እኔ ስልኩን ተኩሼው አላውቅም፤ አንተ ደግሞ ጨዋታውን ከተውክ ስንት ጊዜህ ነው። ታዲያ ማን ተኩሶት አየህ?

ከዚያ የፋርማሲስቱ ቃል ገባኝ። ዘብ ፊቱን ወደ ውጭ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የቆመው፤ ጥይት ወደሚመጣበት እያየ። እኔ በር ፊት ቁጢጥ ብል፣ ብዘፍን፣ ብወድቅ አያይም። አሠራራችን ይሄ ነው፤ እኔው ነኝ ያወጣሁት ደንብ። ቁጢጤን ሊያይ የሚችለው ቪዲዮዬን ያየ ሰው ብቻ ነው። ስውር ነገር እፈልጋለሁ የምለው ሰውዬ ይህ እንዴት እንዳልታየኝ ልንገርህ? ከቤት ሰው በኩል ያለውን ግድግዳ ሰው አይለካም።

እንደዚያም ሆኖ ላላምን ፈልጌ ነበር። ውሸቱን የላክሁልህ ጄኔራሉ ሳይዘል ቀርቶ በጥርጣሬዬ እንዳፍር ብዬ ነው። ዘለለ። ጀማሪው ሁለተኛ ሲገድለው ደግሞ ጄኔራሉ ተናዶ ጠረጴዛውን ሲመታ ካሜራው ወደ ጎን ዞረ። ከኋላ ሌላ ጠረጴዛ አለ፣ ሌላ ስክሪን አለ፣ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ አረንጓዴ ሸሚዝ ተንጠልጥሏል፣ ኪሱ በቀኝ። ካሜራ ቀኝና ግራ ይገለብጣል ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ቀጥ ብሎ ይነበባል።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክል ነበር። ስክሪኑን አጠፋሁት። «ምነው አጠፋሽው? እየሳቅሽ አልነበር?» አለችኝ። ባትሪ አልቆ ነው አልኳት። ስላንተ ስዋሻት ይሄ የመጨረሻዬ ነው።

ሙሽሮቹ የት ናቸው? ከመቼ ጀምሮ ነው?


ኅዳር 22

እህቴ፣

ምን ብዬ ሰላም ልበልሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ ወጥቼ ብዙ መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ጽፌ እንደ ሰረዝኩት ወረቀቱ ላይ ይታይሻል።

ከመቼ ጀምሮ ላልሽኝ፣ ዓመት ሊሞላው ነው። ሠርግ ቤቱ ተዘጋ። እማዬ ጎረቤት ሁሉ ሰብስባ «ልጄ ሙሽራ ነው የሚቀርጽ» ስትል እየሰማሁ፣ ጨዋታ የሚጫወት ሰው ጓዳ ተቀምጬ ሲሳደብ ያለውን እቆርጣለሁ ብዬ ልንገራት? ላንቺም አፈርኩ። ያንቺን ቪዲዮ እየቆረጥኩ ሳለ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። አየው። «ማን ናት?» አለኝ። እህቴ ናት ብል ኖሮ… አላልኩም። ከኢንተርኔት ያገኘሁት ነው አልኩት። ያኔ ያልኳት ነገር ነች ሁሉን ያመጣችው፤ ባለቤት የሌለው ነገር መሰለው። በኋላ መመለስ አቃተኝ። ፋርማሲስቱን እንድትጠረጥሪም ያደረግኩሽ በዚያው ፍርሃት ነው።

ግን እመኚኝ፣ ላንቺም አስቤያለሁ። አንቺ ብታወጪው ኖሮ ሲሰድቡሽ፣ ቤታችን ድረስ ሲያስፈራሩሽ ይታየኝ ነበር። በእሱ በኩል ቢወጣ አንቺን የሚነካሽ የለም ብዬ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ላስረዳሽ። ቁጢጡን ቆርጬ ማውጣት እችል ነበር። ጥቅም እንደሌለው ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ተውኩት። ምልክትሽ እንዲቀር ብዬ ተውኩት። አሁን ሄደሽ እዪ፤ በየማፑ፣ በየበሩ፣ የማያውቁሽ ልጆች ሁለቴ ቁጢጥ ይላሉ። ላንቺ እጅ እየነሱ ነው፣ አይገባሽም? ከዚህ የበለጠ ስም አለ?

ጄኔራሉን አናግሬዋለሁ። ከዝላዩ በኋላ በጣም ተቆጥቷል፣ እኔንም ከነገ ጀምሮ እንዳላይህ ብሎኛል። ግን የስልኩን እውነተኛ አፈታት ካመጣሁለት ሁሉን ሊረሳ፣ በስርጭቱም ላይ «ለረዳችኝ አንዲት ልጅ አመሰግናለሁ» ሊል ቃል ገብቷል። አንዲት ልጅ አንቺ ነሽ። እኛ እናውቃለን።

እባክሽ። ስለ እማዬ ብለሽ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 1

ወንድሜ፣

እማዬ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ። ያንተን ደህንነት አልጠይቅም፤ ጽፈህልኛል።

በመጀመሪያ ፋርማሲው ሄድኩ። ሰው ፊት ስለ ሰደብኩት ሰው ፊት ይቅርታ ልጠይቀው ሰልፉ እስኪረዝም ጠበቅኩ። ያቺው አሮጊት ነበሩ። «መድኃኒቱ ተገኘ?» አሉኝ፤ «የበሽታው ስም ነው የተገኘው እማማ» አልኳቸው። እሱ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ አደረገ። «ይቅርታሽን ተቀብያለሁ» አለኝ። «ዘብነቱን ግን ትቻለሁ። ሁለት ዓመት ምን እንደምታገኚ ሳላይ ቆምኩልሽ። ከእንግዲህ ፊቴን ወደ ውስጥ ነው።» ልክ ነው አልኩት።

ከዚያ ስልኩን ነገርኩት። አዎ፣ አውቀው ነበር፤ የዝላዩን ደብዳቤ ከመጻፌም በፊት። ሁለት ወንበር ያለው ክፍል ለአንድ ሰው አይሠራም፤ ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቃል። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ የሁለቱ ቡድኖች ቀለም። ከአንድ ቡድን ሁለት ሰው ቢቀመጥ ስልኩ ዝም ይላል። ጠላት ነው የሚያስፈልገው፤ ሊገድልህ እየቻለ የማይተኩስ ጠላት። ለዚህ ነው ጄኔራሉ እስከ ዕለተ ሞቱ ቢዘል የማይጮኸው፤ እሱ ጋ የሚቀመጥ ጠላት የለም።

ፋርማሲስቱ በቀዩ ቡድን ገባ። እኔ በሰማያዊው። በሩ ላይ ስንገናኝ አፈሙዙ ግንባሬ ላይ ነበር። ሰደብሽኝ ብሎ ቢተኩስ የጨዋታው ሕግ ከእሱ ጋር ነው። አወረደው። ወንድሜ፣ ይህን ደብዳቤ ስታነብ እዚህች ላይ ቆም በል፦ ከጠላት ቡድን የመጣው ሰው አፈሙዙን አወረደ።

ተቀመጥን። ጮኸ። አነሳሁት።

ስም ነው። ሌላ ምንም የለም፤ ስም ብቻ። ማፑን ከሠሩት መካከል ጨዋታው ሳይወጣ የተባረሩ፣ በመጨረሻው ላይ በሚያልፈው ጽሑፍ ስማቸው ያልገባ ሰዎች ናቸው። ያ ክሬን፣ ያ ትኬት መቁረጫ፣ ያ የዛገ ሰንሰለት የእጃቸው ሥራ ነው። እያንዳንዳቸው በገዛ ድምፃቸው ስማቸውን ይናገራሉ። አንዷ ስትናገር ትስቃለች። አንዱ አባቱን ጨምሮ ቀስ አድርጎ ነው የሚናገረው፣ እንዳይሳሳቱበት። ሲጨርሱ ጢጥ አለና ዝም አለ፣ ተራሽ ነው እንደሚል ሰው። ማይክ እንዳለኝ ትዝ አለኝ። ስሜን ተናገርኩ። ቁንጫ አላልኩም። ፋርማሲስቱም ተናገረ፤ ለካ እስከ ዛሬ ሙሉ ስሙን አላውቀውም ነበር።

በዚያው ቀን በስሜ አወጣሁት፤ በፊቴና በድምፄ። ወጥ ቤት ግቢ ብለውኛል። ከዚያም የባሰ ብለውኛል፣ እንዳልከው። አነበብኩት፣ ምሳዬን በላሁ፣ ሥራ ገባሁ። ይሄው ነው ያዳንከኝ ነገር? ማፑን የሠሩት ሰዎችም ጽፈውልኛል። ምን እንዳሉኝ ከእኔ አትሰማም፤ ከሌላው ሰው ጋር እኩል ትሰማዋለህ። አለቃዬ ትናንት «ሻይ!» ሲለኝ ግን ወንበሬ ላይ ሆኜ «ጀበናው እዚያ ነው» አልኩት።

ቁጢጡን ሆን ብለህ ትተኸው ይሆን ብዬ ብዙ አሰብኩ። አንተ የቆረጥከውን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁ። ምናልባት እውነትህን ነው። ምናልባት አምልጦህ፣ ስይዝህ ያገኘኸው ሰበብ ነው። ጥርጣሬ አሁን ልማድ ሆኖብኛል፣ ያንንም የሰጠኸኝ አንተ ነህ። መጨረሻ ላይ ግን እውነትህ ነው ብዬ ያዝኩት፤ አልቀለለኝም። እኔን በሌላ ሰው ቤት ግድግዳ ውስጥ ደብቀህ፣ የሚያውቅ ያውቃታል አልክ። ስውር ነገር መፈለግ እወዳለሁ። ስውር ነገር መሆን ግን አልፈልግም።

እማዬ አዲስ ሸሚዝ ቆርጣልሃለች። እሷ አትጠየቅም፤ ትልክልሃለች። ግን ስለ ሙሽሮቹ ስትጠይቀኝ «እሱን ጠይቂው» እላታለሁ። አንተ ንገራት፣ በአፍህ፣ መጥተህ።

ስትመጣ እከፍትልሃለሁ። ወንድሜ ነህ፣ ቤትህ ነው። ይህን ግን ይዘህ ና። «ላንቺ ብዬ ነው» የሚለውን ከእንግዲህ አልቀበልም። «አንዲት ልጅ» መባልን አልቀበልም። ቁንጫ መባልንም፣ ከአንተም ቢሆን፣ አልቀበልም፤ እናቴ ያወጣችልኝ ስም አለኝ፣ ታውቀዋለህ። ቁጢጥ ማለቱን ደግሞ ጣቴን አስተውኩት። ማማው ፊት ቀጥ ብዬ ቆሜ ጥሩንባውን ጠበቅኩ፣ በሩም ተከፈተ። እጅ ሳልነሳለት ለማይከፈት በር ከእንግዲህ አልቆምም።